በፈረቃ የሚሠራው እግሬ

ባለፈው ሳምንት በሽተኛ መሆኔ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ፤ እናቴም እልል አለች።

አልቀለድኩም። ዶክተር ሰናይት ከአዲስ አበባ ደውለው፣ "የደሙ ውጤት መጥቷል። ያንቺም፣ የአክስትሽም። ያሰብነው ራሱ ነው፤ በዘር የመጣ ነው" አሉ። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገነው ነበር። አባቴ የስንዴ ጆንያ ላይ ቁጭ እንዳለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እናቴ ግን ለእንባ ጊዜ አልነበራትም፤ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤታችን እማማ አስካለ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

"ምን ተገኘ? ሎተሪ ወጣላችሁ እንዴ?"

"ኧረ የልጄ በሽታ በዘር የመጣ ሆኖ ተገኘ!" አለች እናቴ፣ ፊቷ እንደ አደይ አበባ ፈክቶ።

እማማ አስካለ እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ "እግዜር ይማራችሁ" ብለው ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው አንድም እማማ አስካለ እንዲያነቡትና እንዳላበድን እንዲያውቁ፣ አንድም እንደ እኔ "ምንም የለብሽም" እየተባላችሁ ለምትንከራተቱ ነው። ፍሬሕይወት እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ ፍሬ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው፤ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ነኝ። አሥረኛ ክፍል መግባቴ ራሱ አንድ ታሪክ ነው።

የጀመረኝ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነበር። ጠዋት ስነሳ ምንም የለም። ምሳ በልቼ ትንሽ ስቆይ ግን ግራ እግሬ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ መዞር ይጀምራል። ጣቶቼ ይኮማተራሉ፣ ባቴ እንደ ገመድ ይከርራል፣ ተረከዜ መሬት መንካት ይጠላል። ወደ አመሻሹ ላይ በአንድ እግሯ ብቻ ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት እመስላለሁ። ከዚያ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ እግሬ ምንም እንዳልሠራ ሰው ቀጥ ብሎ ይጠብቀኛል። ሰው ጨለማ ይፈራል። እኔ የምፈራው ምሳ ሰዓትን ነበር።

ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት እንማራለን። በጠዋቱ ሳምንት ማንም አይደርስብኝም። አርሲ ውስጥ ደግሞ መሮጥ ቀልድ አይደለም፤ እዚህ አገር ሕፃን ሲድህ እንኳ ሰዓት የሚይዝለት አጎት አይጠፋም። የስፖርት መምህራችን በጠዋት ባደረጉት ማጣሪያ አንደኛ ወጣሁና ለክፍላችን ተመረጥኩ። ውድድሩ ግን ከሰዓት ሆነ። የሜዳው ጥምዝ ላይ ስደርስ እግሬ ዞረና እኔንም ይዞኝ ዞረ፤ ከጎኔ የምትሮጠውን የሌላ ክፍል ልጅ አቅፌ ተያይዘን ወደቅን።

"አንቺ ልጅ!" አሉ መምህሩ። "ጠዋት ሚዳቋ፣ ከሰዓት ኤሊ! ትቀልጅብኛለሽ?"

ጓደኛዬ ሀዊ አቧራዬን እያራገፈች "ማል ታቴ?" አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ወዲያው ራሷ መለሰችው። "ያንቺ እግር እንደ አሰላ ቧንቧ ነው አቦ፤ በፈረቃ ነው የሚመጣው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ፈረቃ" ሆነ። እኔም ስቄያለሁ። በከሰዓቱ ሳምንት ግን ቦርሳዬን ተሸክማ፣ ክንዴን ይዛ ቤት ድረስ የምታደርሰኝ ያቺው ስም አውጪዬ ነበረች።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ አስተማሪ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚሁ የቀረች። በእሷ እምነት ሐኪም ቤት እንደ ቅዳሴ ነው፤ ያረፈደ ደጅ ይቆማል። አንደኛ ተራ ካልያዝን የታመምኩ አይመስላትም። ጎህ ሲቀድ፣ በዚያ በአሰላ ብርድ፣ ጋቢ አልብሳኝ ከበሩ ፊት ትገትረኛለች። ዘበኛው ከውስጥ ሆነው "መምህርት፣ ዛሬም ቀደሙን?" ይላሉ። እናቴ ዋንጫ እንደተሸለመች ቀና ትላለች።

በዚህ ትጋት የተነሳ ሐኪሞቹ ሁሉ እኔን የሚያዩኝ በጠዋት ነው።

"እስቲ ተራመጂ" ይሉኛል። እራመዳለሁ፤ ቀጥ ብዬ።

"እስቲ ዝለዪ።" እዘላለሁ።

"ታዲያ ምኗን ነው ያመማት?"

"ወይኔ፣ ከሰዓት ብታዩዋት!" ትላለች እናቴ። ከሰዓት ማንም አላየኝም።

አንደኛው ክሊኒክ ጫማዋ ጠቧት ነው አለ። ሰፊ ጫማ ተገዛልኝና እግሬ ከነመዞሩ ውስጡ እንደ ልቡ ተንሸራሸረበት። ሁለተኛው ቁርጥማት ነው ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ያን ሰሞን በሁለቱም ጎኔ አነከስኩ፤ በግራ በበሽታው፣ በቀኝ በመርፌው። ሦስተኛው ራጅ አነሳኝና "አጥንቷ ብረት ነው" ብሎ መረቀኝ። አራተኛው እኔን ከክፍሉ አስወጥቶ ለእናቴ ብቻ ነገራት። በሩ በደንብ አይገጥምም፤ ሰማሁት። "ልጅቷ የከሰዓት ትምህርት ትጠላለች። አይዞሽ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ነው።"

ስንወጣ እናቴ እጄን አልያዘችም። ከፊት ከፊቴ ሄደች። በዚህ ሁሉ ታሪክ የማልስቅበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

አባቴ ደግሞ የእህል ነጋዴ ነው፤ ከሳጉሬ ስንዴና ገብስ እያመጣ አሰላ ያከፋፍላል። የነጋዴ ነገር፣ ቶሎ ይወስናል። "ይህ ወለምታ ነው፤ ዶክተር አያውቀውም" ብሎ ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። ወጌሻው ቀን እርሻ ላይ ስለሚውሉ የደረስንላቸው አመሻሽ ላይ ነው። በእውነት ለመናገር የዞረ እግሬን በዓይኑ ያየ የመጀመሪያው ባለሙያ እሳቸው ናቸው። በቅቤ አሹ፣ "ወዲያ እዪ" አሉኝ፣ ሳቡት። ጩኸቴን ሚኒባስ መሳፈሪያው ድረስ ሰምተውታል።

በማግስቱ ጠዋት ቀጥ ብዬ ሄድኩ!

አባቴ ስንዴ አሸክሞ ምስጋና ሄደ። ወጌሻው በገበያው ቀን "አምስት ሐኪም ያቃተውን በአንድ ስበት" እያሉ አወሩ። እኔ ሐኪሙን አራት ብቻ ነው የማውቀው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እግሬ ተመልሶ ዞረ። አባቴ ጎትቶ ቤት አስገባኝና በሩን ዘጋ።

"ዛሬ አትውጪ። ሰውየው ይሰማና ይከፋዋል።"

ዘጠነኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ግራ እግሬ ቀኙን ማስተማር ጀመረ፤ ሁለቱም ይዞሩ ጀመር። ቤተሰብ ተሰብስቦ ተወሰነ፤ ትምህርቱን አቋርጬ፣ እስክድን ድረስ ጸበል ልቀመጥ። እኔ ጸበል አልጠላም፣ የማርያም ልጅ ነኝ። ግን አስቡት፤ የሚጠመቁት በጠዋት ነው! በየጠዋቱ "ተፈወስኩ" ብዬ ልመሰክር፣ በየከሰዓቱ ልዋሽ? ደግሞ ዓመቱ ያመልጠኛል። ሀዊ አሥረኛ ትገባለች፣ እኔ እቀራለሁ። ይህን ሳስብ ነው በእውነት ያለቀስኩት።

ቀኑ ሊቆረጥ ሲል እናቴ ነርስ ከሆነች ወዳጇ ወሬ ሰማች። የአንጎልና የነርቭ ሐኪም ከአዲስ አበባ ወደ ከተማችን ሆስፒታል ይመጣሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት አንድ ነገር ነው፤ ሰው አካሉን እንደ ልቡ እንዳያዝዝ የሚያደርጉና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉ በሽታዎችን። እናቴ ይህን እንደሰማች የተናገረችውን ገምቱ።

"አንደኛ መያዝ አለብን።"

ያዝን። ዘበኛው ሰላም አሉን። ዶክተር ሰናይት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ከቀሚሳቸው በታች የስፖርት ጫማ ያደረጉ ሴት ናቸው። እንደተለመደው ተራመድኩ፣ ዘለልኩ፣ እናቴም "ከሰዓት ብታዩዋት" አለች።

"ሁልጊዜ ነው ከሰዓት የሚብሰው?" አሉ ዶክተሯ።

"ሁልጊዜ።"

"ታዲያ ለምን በጠዋት አመጣሻት?"

እናቴ ግድግዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች። በመጨረሻ "ተራ እንዳያልፈን" አለች፣ በትንሽ ድምፅ።

ዶክተሯ አልሳቁባትም። "ሂዱ ምሳ ብሉ። በአሥር ሰዓት ኑ። አንቺ ፍሬ፣ እንዳትተኚ፣ እንዳትቀመጪ። ዙሪ፣ ድከሚ።"

በሕይወቴ ድከሚ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሀዊን ጠርቼ ከተማውን ሽቅብ ቁልቁል ተያያዝነው። ችግሩ፣ እግሬ የዚያን ቀን እምቢ አለ። ምሳ አለፈ፤ ቀጥ እንዳለ ነው። ዛሬ ካልዞረ ማን ያምነኛል?

"ገና ነው?" ትላለች ሀዊ ጎንበስ ብላ እያየች።

"ገና።"

"አይዞሽ፣ ይህን ዳገት እንውጣ። ... አሁንስ?"

"ትንሽ የዞረ ይመስለኛል።"

"በርቺ! በርቺ የኔ ጀግና!"

የሚያልፉ ሴትዮ ቆም ብለው አዩን። እግሯ እንዲጣመም የሚጨበጨብላት ልጅ አጋጥማቸው አታውቅም መሰለኝ፤ እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ።

በአሥር ሰዓት ግድግዳ እየደገፍኩ፣ ሁለቱም እግሮቼ ተቆላልፈው ኮሪደሩን ጀመርኩ። ዶክተሯ ከወዲያኛው ጫፍ ቆመው ጠበቁኝ። አጠገባቸው ስደርስ መነጽራቸውን አወለቁና "አየሁ" አሉ።

እኔ ኮሪደሩ መሃል ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እናቴ መጥታ እጄን ያዘች፤ እስከ ማታ አልለቀቀችውም፣ ሻይ እንኳ በአንድ እጇ ነው የጠጣችው።

ዶክተሯ እናቴን አስፈቅደው አካሄዴን በቪዲዮ ቀረጹ። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ባለው አልጋ ላይ አስተኙኝ። ስነቃ እግሬ በግማሽ ተፈቷል። ይህን ጊዜ ወረቀት አወጡና ክብና አራት ማዕዘን እየሳሉ ስለ ዘመድ ይጠይቁ ጀመር፤ ክቡ ሴት ነው፣ አራት ማዕዘኑ ወንድ። አባቴም ከሱቅ ደርሶ ነበር።

"በቤተሰባችሁ እንዲህ የሚሄድ ሰው አለ?"

እዚህ ላይ ስለ አባቴ አትፍረዱ። በአገራችን ስለ ዘር በሽታ የሚጠየቀው ጋብቻ ሲታሰብ ነው፤ መልሱም አንድ ብቻ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ የአጎቴን ልጅ ልንድር ቀን ቆርጠናል። አባቴ ሽማግሌ ፊት እንደ ቀረበ ሰው ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ።

"በዘራችን ምንም የለም! እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር!"

"አባዬ፣ እትዬ ዘነቡስ?" አልኩ። እትዬ ዘነቡ ሳጉሬ ያሉ ታላቅ እህቱ ናቸው፤ በዱላ ነው የሚሄዱት።

"እሷማ ፈረስ ረግጧት ነው!"

"ከሰዓት ይብስባቸዋል?" አሉ ዶክተሯ።

አባቴ አሰበ። "ፈረሱ የረገጣት... ከሰዓት ነበር መሰለኝ።"

ዶክተሯ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "እንግዲህ ፈረሱን ማየት አልችልም። እህትዎን ግን ማየት እፈልጋለሁ።"

ለእኔ አንዲት ትንሽ ክኒን አዘዙልኝ። እንደ ነገሩኝ፣ አንጎል ጡንቻን የሚያዝዝበት ዶፓሚን የሚባል ነገር አለ፤ የእኔ አንጎል የሚሠራው ትንሽ ብቻ ነው። እንደ ስልክ ባትሪ ሌሊት ሲተኙ ይሞላል፣ ምሳ ላይ ያልቃል። ጡንቻ ያለ ፈቃዱ ሲጣመም ዲስቶኒያ ይባላል። ዲስቶኒያ ብዙ ዓይነት ነው፤ የእኔ በዚያች ክኒን የሚታዘዘው ነው። መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ የሚወስዱት እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አረጋውያን ናቸው። የፋርማሲዋ ልጅ "ለአያትሽ ነው?" አለችኝ። "ለራሴ" ስላት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

በቀጣዩ ሳምንት፣ በከሰዓት ፈረቃ፣ የመጨረሻው ደወል ተደወለ። ተነስቼ ወጣሁ። በሩን አለፍኩ፣ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ከኋላዬ ሀዊ ሁለት ቦርሳ ተሸክማ "ኧረ ጠብቂኝ! ክንድሽን የት ወሰድሽው?" ትላለች። ቤት ስደርስ እናቴ ደብተር ታርማለች።

"ምነው ቀደምሽ? ተባረርሽ?"

"አይ። በእግሬ መጣሁ።"

ሰዓቱን አየች፣ እግሬን አየች። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ግቢውን ታዞረኝ ጀመር። "እንደገና። አሁንም እንደገና።" እርማት ላይ ትሁን ጸሎት ላይ አልለየሁትም። ስለ ጸበል መቀመጥም ስለ ትምህርት ማቋረጥም ዳግመኛ አልተነሳ፤ ጸበሉን በቅዳሜ ቅዳሜ እንጠመቃለን፣ ለምስጋና።

አባቴ ግን ሳጉሬ ለመሄድ እግሩን ጎተተ። ዛሬ ነገ ሲል፣ እኔና እናቴ በሚኒባስ ቀደምነው፤ ተከትሎን መጣ። እትዬ ዘነቡ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

"እትዬ፣ የረገጠዎት ፈረስ ምን ዓይነት ነበር?" አልኳቸው።

እትዬ እስኪያስላቸው ሳቁ። "የምን ፈረስ? አባታችን አህያ እንኳ የሚጭነው ተውሶ ነበር!"

አባቴ መሬት መሬት አየ። እትዬ ነገሩን አወጡት። ታላቅ እህታቸውን ሊጠይቁ ሽማግሌ የመጣ ጊዜ፣ ከሰዓት ነበርና እሳቸው እያነከሱ ውሃ አቀረቡ። "ይህች ምን ሆና ነው?" ሲባል አያቴ ደንግጠው "ፈረስ ረግጧት" አሉ። ከዚያ ወዲያ ፈረሱ ቤት ውስጥ ቀረ።

"እህቶቼም ወንድሞቼም በዚያ ፈረስ ተዳሩ። ይህ አባትሽም በእሱ ነው ያገባው" አሉ። ዱላቸውን እያዩ ደግሞ "ለእኔ ብቻ አልደረሰኝም" አሉ።

አባቴ ሄዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

"እትዬ፣ ይቅር በይኝ።"

"ተው አንተ፣ እኔም ለምጄው ነበር። ግን ይህች ልጅ እንዳትጋልበው፤ ከእንግዲህ እንሽጠው።"

ዶክተሯ ሌላ ጊዜ ሲመጡ እትዬ ከሰዓት አሰላ መጡ፤ የሁለታችንም ደም ለምርመራ ተወሰደ። ስለ ፈረሱ ሲነግሯቸው ዶክተር ሰናይት ከልባቸው ሳቁ። ገና ጀማሪ ሐኪም ሳሉ ነበር አሉን፣ ለዓመታት ከአልጋ ያልወረደች ሴት በዚችው ክኒን ቆማ ስትሄድ ያዩት፤ ከዚያ ወዲያ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሲፈልጉ ኖሩ። "ችግሩ በሽታውን ማወቅ አይደለም። የምርምሬ ግማሽ ፈረስ ማባረር ነው። በየቤቱ አለ፤ ፈረስ፣ በሬ፣ ቡዳ።" አባቴን ደግሞ የበሽታውን ዘር ሳይታመሙ ማስተላለፍ እንደሚቻል አስረዱት። እናቴ ወዲያው "ታዲያ ሥራው አይደል? ከሳጉሬ ይጭናል፣ አሰላ ያራግፋል" አለች።

እትዬ እንደ እኔ ቶሎ ቀጥ አላሉም፤ እግር ዕድሜውን ሙሉ ተጣሞ በአንድ ሳምንት አይታረቅም። አሁን ግን ዱላው ያለው በር ጀርባ ነው።

የቀረው የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር። አባቴ ሦስት ቀን እህል ሳይበላ ከረመና ሄዶ ለሙሽራው ሽማግሌዎች ሁሉን ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

"እኛም ቤት... በሬ የወጋው አጎት አለን" አሉ።

ሠርጉ ተሠረገ። እትዬ ዘነቡ በዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ከሰዓት፣ ዳስ መሃል ገብተው ጨፈሩ። በሬ የወጋውን አጎትም አገኘናቸው፤ ጠዋት ደህና ናቸው።

እንግዲህ የተላክሁት ይኸው ነው። ዶክተር ሰናይት ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰው ወደ ከተማችን ሆስፒታል ይመጣሉ፤ "ለሰው ንገሪልኝ" ብለውኛል። ቀኑን ነርሶቹን ጠይቁ። ያነከሰ ሁሉ የእኔ በሽታ አለበት ማለት አይደለም፤ ገና መድኃኒት ያልተገኘለትም አለ፣ እሳቸው ግን እሱንም ይፈልጉታል። ከሳጉሬም፣ ከጎበሳም፣ ከአቦምሳም ኑ። በከሰዓት ኑ። አክስታችሁን፣ አጎታችሁን፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደብቁትን ሰው ይዛችሁ ኑ። እናቴ በጠዋት መጥታ ተራ ልትይዝላችሁ ቃል ገብታለች፤ ከዚህ ልማዷ የሚያድናት ሐኪም የለም። መቀመጫው ጥቂት ነው፣ አንድ አግዳሚ ብቻ። ግን አታስቡ፤ እኔና እትዬ አንቀመጥበትም።